ሞደሬሽንና የእናቴ ለቅሶ

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ስብሰባ ላይ፣ እንደ ወትሮዬ ከኋላ ወንበር ይዤ ሳንጎላጅ አንድ ቃል ቀሰቀሰኝ። ሊቀመንበራችን ኪሩቤል የሚባል ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ብቻ ሲናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ድንኳኑ ቶሎ ይነሳ፣ ንፍሮው ይቅር፣ ጎረቤት ከሥራ ቀርቶ መዋሉም ይቅር ሲል ቆየና፣ «ሐዘን ይከልከል አላልንም፤ ግን በሞደሬሽን ይሁን ነው የምንለው» አለ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ላይ በፕላስቲክ ወንበር እንደተቀመጥኩ አቃቂ በሰቃ ገባሁ። ይህን ቃል፣ ያውም ከሐዘን ጋር ተጋብቶ፣ ከሰማሁት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ «እማማ ስንዱ፣ ምነው ሳቁ?» አለችኝ። መሳቄን እንኳ አላወቅሁም ነበር።

በዚያን ጊዜ አቃቂ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ከአራት ኪሎ የሚመጣ ዘመድ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው እያልን እናሾፍ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን እየጠየቃችሁ አታድክሙኝ፤ ንጉሡ ነበሩ፣ ፎቶግራፋቸው በጥጥ ፋብሪካው መግቢያ ከሰዓቱ በላይ ተሰቅሏል፣ እኔም የመጀመሪያዬን የሸራ ጫማ የገዛሁበት ዘመን ነው፤ ለእኔ ይኸ ይበቃኛል። ነጭ ሸራ ነበር፤ ሲቆሽሽ በኖራ እየቀባሁ አነጣዋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አውልቄ ብብቴ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። በሰቃ ገበያው አጠገብ የስልጤው የአቶ ሸምሱ ሱቅ ነበረች፤ በአምስት ሳንቲም ብስኩት፣ በአሥር ሳንቲም የፀጉር ቅባት በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ስሙኒ የያዘ ሰው ድልድዩ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሽሮ በልቶ፣ ሻይ ደርቦ፣ ሸክላው ላይ ያለውን ዘፈን አስደግሞ ይወጣል። ዘፈኑ ሁሉ ስለ መለየት ነበር፤ ምን እንደሚለያየን አላውቅም፣ ሁላችንም እዚያው ነበርን። ሴቶቹ ከፈረቃ ስንወጣ የጥጥ ብናኝ ፀጉራችን ላይ ተከምሮ ሽበታም እንመስላለን፤ ወንዶቹ በር ላይ ቆመው «አሮጊቶቹ መጡ!» ይሉናል። ያ ሽታ፣ የማሽን ዘይትና የእርጥብ ጥጥ ሽታ፣ ዛሬም ዝናብ የነካው ፍራሽ ሲሸተኝ ድንገት ይመጣብኛል። አሁን በዚያ በኩል በሚኒባስ ሳልፍ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አንዳንዴ ያለ ጉዳዬ እወርዳለሁ። ወርጄ የማደርገው ነገር ግን የለኝም፤ ትንሽ ቆሜ ሌላ ታክሲ እይዛለሁ።

እናቴ አስካለና እኔ የምንሠራው ማጠንጠኛ ክፍል ነበር። ከፈታዮቹ የመጣውን ክር በትልልቁ እናጠነጥናለን፤ ሲበጠስ በጣታችን እንቀጥላለን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእኔ በታች ያሉት ልጆች የሚበሉት ከእሷና ከእኔ እጅ ነው፣ የእኔ ደሞዝ ደግሞ ገና የጀማሪ ነበረች። እናቴ በሥራ ቀን ዝምተኛ ናት። ለቅሶ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ አልቃሽ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የእሷ ስም ነው። ሰው ከፍሏት አይደለም፤ ሞት ሲሰማ አስካለን ጥሩ ማለት ልማድ ሆኖ ነው። እሷም ሳትጠይቅ አታለቅስም ነበር። ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ጓዳ ትገባና ትጠይቃለች፦ ሟቹ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይናደድ ነበር፣ ሲስቅ አፉን ይሸፍን ነበር ወይ? ከዚያ ስትወጣ የምታለቅሰው ለዚያ ሰው ብቻ ነው። «ለሞትማ ማንም ያለቅሳል» ትለኝ ነበር።

የእሷ ለቅሶ ሰውን ካስነሳ፣ የሚያስቀምጡት ደግሞ ኦቦ ጉደታ ነበሩ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት የአባታቸው ማሳ ነበር ይባላል፤ እሳቸው በሩ ላይ ዘበኛ ሆነው ገቡ። በዕድራችን «ይበቃል» የሚሉት እሳቸው ናቸው። በቃ ባይ ሽማግሌ በየለቅሶው አለ፤ ብዙው ግን በቃ የሚለው ሆዱ ሲርበው ነው። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሐዘንተኛውን ያያሉ፣ ያያሉ፣ ሌላው ሰው ቢደክመውም ዝም ይላሉ። ሐዘንተኛው ሟቹን መጥራት ትቶ ውሃ ስጡኝ ሲል፣ ያን ጊዜ «ጋኤራ! ይበቃል፣ ልጆቼ፣ ይበቃል» ይላሉ። መጀመሪያ በኦሮምኛው፣ ቀጥሎ በአማርኛው። እናቴም በዚያው ትንፋሽ ታቆማለች። አንድ ቀን ለምን ውሃ እንደሚጠብቁ ብጠይቃቸው «ውሃ የጠማው ሰው ለመኖር አስቧል ማለት ነው» አሉኝ።

ነገሩ የተጀመረው ተዋበች የምትባል ፈታይ በወሊድ የሞተች ቀን ነው። ወሬው ቀትር ላይ ደረሰን። ከክፍላችን መጀመሪያ የተነሳችው እናቴ ናት፤ እሷ ስትነሳ ሁሉም ተነሳ፣ ማሽኑን ያጠፋም አጠፋ፣ ያላጠፋም እንደሚዞር ትቶት ወጣ። ስንመለስ ክሩ እርስ በርሱ ተተብትቦ፣ ካቦው ራሱን ይዞ ቆሟል። የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ዊልያም የሚባል ፈረንጅ ነበር። ረጅም፣ ጆሮው ቀይ፣ ክፋት የሌለው ግን ከሥራ በቀር ምንም የማይታየው ሰው። በማግስቱ በሁለት ቋንቋ ማስታወቂያ አስለጠፈ፦ በሥራ ሰዓት ቀብር የሚሄደው የሟች የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው፣ ሌላው ከፈረቃ በኋላ ይሂድ፣ ሐዘንም በሞደሬሽን ይሁን። እናቴን ደግሞ ለብቻዋ ጠራት። አስተርጓሚው አቶ ታደሰ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሁለተኛ ለለቅሶ ከማሽንዎ ቢነሱ፣ ሥራዎን በገዛ ፈቃድዎ እንደለቀቁ ይቆጠራል ይላል» አላት። እናቴ «እሺ» ብላ ወጣች። ፈርታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ ነበር።

የአማርኛው ማስታወቂያ አቶ ታደሰን አሰቃየው። መጀመሪያ «ሐዘን በልክ ይሁን» ብሎ ጻፈ። ሰው ከቦ ሳቀ፦ «በማን ልክ? ልብስ ሰፊው ይጠራና ይለካን!» ቀደደውና «በመጠኑ» ብሎ ለጠፈ፤ አሁን ደግሞ «ማን ሠፍሮት?» አሉ። ቀጥሎ «በጨዋነት» አለው፤ ያን ጊዜ ሳቁ ቆሞ ሴቶቹ ተቆጡ። «እስከ ዛሬ ባለጌ ነበርን?» ብለው አፋጠጡት። ምስኪን አቶ ታደሰ፣ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል «በሞደሬሽን» ብሎ ጻፈውና ተገላገለ። ማንም ስላልገባው ማንም አልተቆጣም።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ጀምሬ ነበር፤ አዲስ ቃል ካገኘሁ እስከማውቀው ያሳክከኛል። እንጀራችን በዚህ ቃል ላይ ሲንጠለጠልማ ጭራሽ ማረፊያ አጣሁ። መምህሬን ጠየቅሁት። መዝገበ ቃላቱን ገልጦ፣ ከመብዛትም ከማነስም መሀል መቆም ነው አለኝ፤ ሥሩም በጥንት ቋንቋ መስፈሪያ ማለት ነው አለ። ይህን ለኦቦ ጉደታ ብነግራቸው «ቁና ነው በይኛ! ለዚህ ነው ፈረንጅ አገር ድረስ የተሄደው?» ብለው ሳቁብኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር ደም ግፊት ያለበትን ሰው ጨው በሞደሬሽን ብላ እንደሚለው ነገረኝ። እናቴ ይህን ሰምታ «ጨውስ እሺ፤ ጨው እናት የለው፣ ልጅ የለው» አለች። የራዲዮው እንግሊዝኛ ደግሞ ስለ ነፋስ ሲናገር ሞደሬት ሲል ሰማሁት፤ ወጥቼ ነፋሱን አየሁት፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ብቻ ነበር የሚያወዛውዘው። እንዲህ ቃሉን በየቦታው ሳሳድደው አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሰው የሚያነሳው ሁልጊዜ ለመቀነስ ነው። ጨው የበዛበትን እንጂ ጨው የጎደለበትን ሰው ሞደሬሽን አነሰህ የሚለው አላገኘሁም። መምህሬን ብጠይቀው ራሱን አከከና፣ «በመጽሐፉ ሁለቱም ነው፤ በሰው አፍ ግን ቀንስ ማለት ነው» አለኝ።

ባለፈው እሑድም ይኸው ነገር ትዝ ቢለኝ እጄን አወጣሁ። «ልጄ፣ ሐዘኑ የበዛበትን ሰው ነገርከን። ሐዘኑ ያነሰበትስ? ለእሱስ ዕድራችን ምን አሰበ?» ብዬ ኪሩቤልን ጠየቅሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኪሩቤልም ሳቀ። «እማማ ስንዱ፣ እሱን አጀንዳ አልያዝንም» አለኝና ወደ ወንበር ኪራዩ ሄደ። አልተቀየምኩትም፤ ከየት ይወቀው። እኔም ያወቅሁት ከፈረንጁ ቤት ነው።

ያንን ቃል በደንብ ያሳየኝ ራሱ ሚስተር ዊልያም ነው፣ ሳያስበው። በጋ ነበር፤ አየሩ ደርቆ ክሩ አልያዝ ብሎ በላይ በላዩ ይበጠሳል። መጣና ጣቶቹን እያፋተገ አየሩን ዳሰሰው፣ እንፋሎት የሚረጨውን ቧንቧ አስከፈተ። ቆይቶ እርጥበቱ ሲበዛ ክሩ ሮለሩ ላይ ይጣበቅ ጀመር፤ መልሶ አስቀነሰው። «ሞደሬሽን፣ ስንዱ» አለኝ። ከክፍሉ ሴቶች እንግሊዝኛ የምሞክር እኔ ብቻ ስለነበርኩ ስሜን ያውቀዋል። «ከደረቀ ይበጠሳል፣ ከረጠበ ይጣበቃል።» ለእናቴ ብነግራት የማሽኗን ክር እያየች፣ «ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ለቅሶ የሚከለክለን?» አለች።

ሚስት ነበረችው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ግቢው ውስጥ ባለው ቪላ ይኖራሉ። ስሟን የሚያውቅ ስለሌለ ሁላችንም «ሚስስ» ነበር የምንላት። ቀጭን ሴት ናት፤ አበባ ያለበት ቀሚስና የገለባ ባርኔጣ አይለያትም። ወደ ማታ ግድም፣ እሱ ገና ማሽኖቹ መሀል ሳለ፣ ብቻዋን እስከ ባቡር ጣቢያው ትመጣና አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። የድሬዳዋው ባቡር ሲያልፍ ብድግ ብላ እጇን ታውለበልባለች። የምትሸኘው ሰው የላትም፤ ለተሳፋሪው ሁሉ ነው። ተሳፋሪውም የሚስቀው ስቆ፣ የሚመልሰው መልሶላት ያልፋል። ቤታችን ከጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ ከፈረቃ ወጥተን በየቀኑ እናያታለን። እናቴ በሩን ተደግፋ «አገሯ በዚያ በኩል ይሆናል» ትላለች።

ሚስስ ታማ ብዙ አልሰነበተችም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ የፈነዳ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቪላው በር ላይ ጥቁር መኪና ቆመ። አስከሬኑ ወደ ከተማ፣ ወደ ውጭ አገር ሰዎች መቃብር ሊሄድ ነው ተባለ። እኛ ፈረቃ ላይ ነን። እናቴ እጇን ሰደደችና ማሽኗን አጠፋች።

«እማዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ለቅሶ ልሄድ ነዋ።»

«የከለከለሽ ራሱ አይደለም እንዴ? ዘመዷ ነሽ?»

«እዚህ ማን ዘመድ አላት? እስቲ አንድ ጥሪልኝ።»

«ልጆቹስ? ነገ ምን ሊበሉ ነው?» ድምፄ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

እሷ እንደማትፈራ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ ዐመድ ለብሶ ነበር። «ስንዱዬ» አለችኝ፣ «ተዋበችን ብቻዋን አልሰደድናትም። ይቺን ባዕድ ናት ብዬ ብቻዋን ብሰዳት፣ ከእንግዲህ የማለቅሰው ሁሉ ውሸት ነው።» ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። ከኋላዋ አንዷ ተነሳች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ማሽኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። ዝምታው ያስፈራ ነበር። እኔም ተከተልኩ፣ ምን ላድርግ።

እናቴ መጀመሪያ በጓሮ በኩል ገብታ ከወጥ ቤቷ ሴትዮ ጋር ተንሾካሾከች። ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ መጣች። ደጃፉ ላይ ጥቂት ፈረንጆች ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ማንም አያለቅስም፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል። ሚስተር ዊልያም ጥቁር ልብስ ለብሶ ደረጃው ላይ ቀጥ ብሏል። ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ እንባም፣ ቁጣም። እኛን ሲያይ ዓይኑ ወደ ፋብሪካው ሄዶ ተመለሰ፤ የማሽኖቹ ድምፅ መቆሙን ያን ጊዜ የሰማ ይመስለኛል። አቶ ታደሰ እየሮጠ መጣና «ወይዘሮ አስካለ፣ አብደዋል? ዛሬ የት አባቴ ልግባ!» አለ። እናቴ እሱን አላየችውም። ሰውየውን ትክ ብላ አይታ «ደርቋል፤ ይበጠሳል» አለችኝ በለሆሳስ። በማጠንጠኛ ክፍል ቋንቋ ነው የነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን አወጣች።

«ኤልሲ ሆዴ ኤልሲ፣ እህት የለሽም ወይ፣
ማዶ ያለው ዘመድ መርዶሽን ሰማ ወይ?»

ሚስስ ስም እንዳላት እኛም ያን ቀን ነው የሰማን። ሚስተር ዊልያም ስሟን ሲሰማ ቀና አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እናቴ ቀጠለች፦

«የማያውቃትን ሰው እየሸኘች ከርማ፣
ዛሬ ራሷ ሄደች፣ ባቡሩም አልሰማ።»

አማርኛውን አያውቀውም። ግን «ኤልሲ» በተባለ ቁጥር አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። ፈረንጆቹ ደነገጡ፤ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። የእኛ ሰው ዓይን ሁሉ ወደ ኦቦ ጉደታ ዞረ። አቶ ታደሰ «ኦቦ፣ ኧረ ይበቃል ይበሉ! ሰውየው ተዋረደ እኮ» ብሎ ለመናቸው። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር እንዳደረጉ፣ «ገና ነው፤ ተወው» አሉት። የጥቁሩ መኪና ሹፌር ሞተሩን አስነስቶ መልሶ አጠፋው። የእናቴ ድምፅ መሻከር ጀመረ፤ ኦቦ ጉደታ አሁንም ዝም። መምህሬ «በመጽሐፉ ሁለቱም ነው» ያለኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሚስተር ዊልያም ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ለወጥ ቤቷ አንድ ነገር አላት፤ ሮጣ ውሃ በብርጭቆ አመጣችለት። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ጋኤራ። ይበቃል፣ ልጄ፣ ይበቃል።» እናቴም ዝም አለች። መኪናው ሲሄድ እስከ በሩ ሸኘነውና ወደ ማሽኖቻችን ተመለስን።

በማግስቱ እናቴ የሥራ ሽርጧን አጥባ፣ ተኩሳ ለብሳ ገባች። «ካሰናበቱኝም በንጹሕ ልብስ ልውጣ» ነው ያለችኝ። ረፋዱ ላይ ሚስተር ዊልያም አቶ ታደሰን አስከትሎ መጣና ማሽኗ አጠገብ ቆመ። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ እጃቸው ሥራ ላይ፣ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። «ትናንት ምን እንዳሉ ማወቅ ይፈልጋል» አላት አቶ ታደሰ። እናቴ በማልቀሻ ሳይሆን በተራ ድምጿ ግጥሙን ነገረችው። አቶ ታደሰ «ይኼ ወደ እንግሊዝኛ አይሄድልኝም» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፣ «አንቺ ንገሪው።»

በማሽኑ ጩኸት መሀል ጆሮው ድረስ ተጠግቼ ያለችኝን ትንሽ እንግሊዝኛ አወጣኋት። ሚስስ ሲመሻሽ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ እንደነበር፣ ባቡሩ ሲያልፍ ለማያውቋት ሰዎች እጇን ታውለበልብ እንደነበር፣ ትናንት እሷ ስትሄድ ግን ባቡሩ እንዳልሰማ ነገርኩት። ሰዋስዉን እግዜር ይወቀው።

«የትኛው ጣቢያ?» አለኝ።

«የእኛው፤ የአቃቂው።»

«መቼ?»

«በየቀኑ፣ ሚስተር ዊልያም።»

አያውቅም ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት ገና ከተረኛው ፈረቃ ጋር፣ ክሩ ላይ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ባርኔጣዋ ተሰቅሎ፣ እራቱ ቀርቦ ነው የሚያገኛት። አብረው ሲኖሩ ሳይነገረው የቀረውን ከእናቴ አፍ ሰማው። እንዴት እንዳወቀችው ጠየቀኝ። እናቴ «ቤቴ ፊት ለፊት ነው በይው። ደግሞ ሰውን ሳያውቁት አያለቅሱለትም በይው» አለች፤ እንደቻልኩ ነገርኩት። የሚሽከረከረውን ክር እያየ «እናትሽ ሥራዋን ትቀጥል» አለኝና ሄደ። ከማሽኗ ስለ መነሳቷ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ እኔ የእሷንም የእኔንም ክር ስቀጥል ቆየሁ።

ከፈረቃ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ጣቢያው ጋ ስንደርስ ያን ቀን ባቡሩ ቀድሞን አልፏል። ሚስተር ዊልያም ሚስስ ትቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ባዶውን ሐዲድ ያያል። እናቴ ሐዘንተኛ አይታ ስታልፍ በዕድሜዬ አላየሁም። ነጠላዋን ልትዘቀዝቅ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ እኔም ልከተላት ተዘጋጀሁ። ከዚያ እጇን መለሰችና ክንዴን ያዘች። «ነይ» አለችኝ፣ «የዛሬው የራሱ ነው።» የቤታችን በር ሲከፈት የሚጮህ በር ነበር። እንዳይሰማው ብለን በወንዙ በኩል ዞረን ሄድን፤ እስኪነሳም ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።